ከሩዱ ሥር የወደቀው ለኪ

በእንግሊዝ አገር፣ በኤልድኮም መንደር ቤተ ክርስቲያን፣ የሆሳዕና ዕለት ቄሱ አባ ኦዶ ገመዱን ሲስቡ፣ ጾሙን ሙሉ ሩድ የሚባለውን ታላቅ የእንጨት መስቀል ሸፍኖ የከረመው መጋረጃ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ተንበርክኮ መሬት የሳመው ምእመን ቀና ሲል፣ ከመስቀሉ እግር ሥር፣ ከፍ ብሎ ከተሠራው ሰገነት ላይ፣ አንድ ክንድ ወደ ታች ተንጠልጥሎ አየ። መሬት ለኪው ላምበርት ነበር። ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቷል።

ከሰዓት በኋላ የንጉሡ መርማሪ አምብሮስ ሲደርስ፣ መንደርተኛው ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው። ሬሳው ወርዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሟል፤ አንዲት የመንደሩ መበለት፣ ሲቢል፣ ደግሞ እጇ ታስሮ ከዓምድ ሥር ተቀምጣለች።

«ዐርብ ዕለት ‹ሞትህን ያሳየኝ› ስትለው ሁላችንም ሰምተናል» አለ ተርስተን፣ የደብሩ ንብረት ጠባቂና የሲቢል የእርሻ ጎረቤት። «መስቀያ ገመድ ማዘጋጀት ነው እንጂ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ጌታዬ?»

«ገመድ አይጠፋም» አለ አምብሮስ። ወደ ሲቢል ዞረ። «ለምን ረገምሽው?»

«ያለኝ አንድ ሩድ መሬት ነው፤ ሩብ ኤከር። ተርስተን ለክቶ ካካለለን ወዲህ ጠበበብኝ ብዬ ጮኽኩ፤ ላምበርትን ላኩልኝ። በዘንጉ ለካና ‹እስካረጋግጥ አልናገርም› አለኝ። ጉቦ በልቷል ብዬ ነው የረገምኩት። አፌ ክፉ ነው፣ ጌታዬ። እጄ ግን አልነካውም።»

«ምላሷማ ከማጭድ ይስላል» አለ ተርስተን።

አምብሮስ ከአባ ኦዶ ጋር ወደ ሰገነቱ ወጣ። የድንጋዩ ደረጃ በግድግዳው ውስጥ እየተጠማዘዘ ትከሻውን ፋቀው። መስቀሉን በተሸከመው ግንድ ላይ ሁለት ያረጁ ውቅሮች፣ ተጠርበው የተቀረጹ ምልክቶች፣ አገኘ።

«ይኼ ምንድን ነው፣ አባ?»

«በመካከላቸው ያለው ርቀት የመለኪያ ዘንግ ልክ ነው። ከጌታ እግር ሥር ማን ይዋሻል ብለው አባቶቻችን ያኖሩት።»

«የሰገነቱ ቁልፍስ?»

«ደጄ ላይ ይንጠለጠላል። ማንም ያነሣዋል፤ እኔም ጭምር።» ቄሱን ላብ አጠመቃቸው። «ትናንት ሻማ ላሰናዳ ስገባ ያየሁት የሆሳዕናውን ሰልፍ ሰንደቅ የሚያዘጋጀውን ተርስተንን ብቻ ነው። ደግሞም አዘጋጅቶ ሞቷል! ዛሬ በሰልፉ ሰንደቁ ረዝሞ ሁለቴ በሩ ላይ ተቀረቀረበት። ሴቶቹ ‹መላእክትን ልትወጋ ነው?› እያሉ ሣቁበት።»

አምብሮስ አልሣቀም። የሟቹን ዘንግ ፈለገ፤ የለም። አብሮት ለመጣው ወታደር አንድ ነገር በጆሮው ነግሮ ላከውና ሁሉንም ከሩዱ ሥር ሰበሰበ።

«ላምበርት ዘንጉን ከእነዚህ ውቅሮች ጋር ሊያስተያይ መጣ። ዘንጉ በዚያ ደረጃ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ከታች ሰገነቱ ላይ አስደገፈው፣ ራሱ ወጣና ሳበው። ልክ ሆኖ አገኘው። እንግዲያ የተሳሳተው የቀድሞው ለኪ ዘንግ ነው። ይህን ሲናገር የሰማው ሰው መታው። ሬሳውን ለአንድ ቀን መጋረጃው ይሸፍንለታል፤ ሲገለጥም የምትወቀስ ሴት አለችለት። ዘንጉ ግን ሦስት ሰው ተደራርቦ ያክላል፤ ካባ ሥር አይገባም። እንዳይቆርጠው ቄሱ ሻማ ሊያሰናዱ ገብተውበታል። ታዲያ በመንደሩ መሀል ረጅም ዘንግ ይዘው ሲያልፉ የማያስጠይቀው መቼ ነው?»

«በሆሳዕና ሰልፍ» አለች አንዲት ሴት፣ ቀስ ብላ።

«ሰንደቅ ረዘመ ተብሎ ሰው ይከሰሳል?» አለ ተርስተን።

«የሰንደቁ አሮጌ መያዣ እንጨትስ የት ገባ?» አለ አምብሮስ።

አምብሮስ ከግድግዳው የተደገፈውን ሰንደቅ አነሣ። ጨርቁ ተፈትቶ ዘንጉ ከታች ወደ ሰገነቱ ተሳበ። ከውቅር ውቅር ልክክ አለ። ወታደሩም የተርስተንን ዘንግ ከጎተራው ይዞ ደረሰ፤ ጎን ለጎን ሲያቆሙት በአንድ ስንዝር አጠረ።

«አንድ ስንዝር!» ብሎ ጮኸ ተርስተን። «ለአንድ ስንዝር በአገር ፊት ሊያዋርደኝ!»

ይዘውት ወጡ። ሲቢል ተፈታች፤ ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም። ከላምበርት ራስጌ ቆማ፣ «ለእኔ ብለህ ነው ለካ ዝም ያልከው» አለች። ሻሿን ፈታ ደሙን ከግንባሩ መጥረግ ጀመረች። ደርቆ አልለቅ አላት።

«ውኃ አምጡልኝ» አለች።

ጠዋት ያሰሯት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። አባ ኦዶ ራሳቸው እንስራ አንሥተው ወደ ውኃ ጉድጓዱ ወረዱ።