ዛፏን ከእኔ በፊት የከረከማት

ማመን አለማመን የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ ግን በእህቴ እምላለሁ፣ ሆኗል!

ሲቀላ ሰፈር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሙቀቱ ባጃጆቹን ሳይቀር ጥላ ስር የሚያስተኛበት ሰዓት...

ጎረቤታችን እትዬ ሙባረካ ለሰርግ ወራቤ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። ባለቤታቸው ከቻይና ያመጡላቸው ቦንሳይ፣ እየተከረከመች ድንክ ሆና የምትቀር ዛፍ፣ አለቻቸው። ዘሯ ኤልም የሚባል የውጭ ዛፍ ነው። ሜዳ ላይ ብትተከል ቤት የምታህለዋ፣ እሳቸው ጋ ሳህን ላይ ተቀምጣ ድመት ታክላለች።

«ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ከደረቀ አጠጪ። አዲሱ ቀንበጥ ሲረዝም ሁለት ቅጠል አስቀርተሽ ከርክሚ። ዝም ካልሻት ቅርጿ ይበላሻል!»

«እሺ እትዬ፣ ቁርስም አበላታለሁ።»

አልሳቁም።

መጀመሪያ የገባሁ ቀን ዛፏ ተከርክማለች። ቁርጡ ገና እርጥብ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ሥራ ቀለለልኝ!

በማግስቱም ተከርክማለች...

በሩ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። መቀሱን አነሳሁት።

እጀታው በላብ ረጥቧል።

በሌላው ቀን ደግሞ ከረገፉት ቅጠሎች መሀል የሹሩባ ቁራጭ አገኘሁ። ጫፉ ላይ ቢጫ ዶቃ አለ። ዶቃውን ያሰርኩት እኔ ነኝ... ለታናሽ እህቴ ለሰሊሆም።

ወደ ቤት በረርኩ። ሰሊሆም ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ሹሩባዋ እኩል ተቆርጧል።

«ማነው የቆረጠሽ?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ?»

«ምን ትቀልጃለሽ? አሁን እዚያ ቤት ወስደሽኝ አይደል? አትነቃነቂ አልሽኝ።»

«ሌላስ... ምን አልኩ?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የቀረውን ነገ አልሽ... ጣቶቼን እያየሽ።»

በማግስቱ እጇን ሳልለቅ ዋልኩ። ሽንት ቤት ስትሄድ ብቻ በር ላይ ጠበቅኳት። ስምንት ሰዓት ሲሆን እጇን እንደያዝኩ እትዬ ሙባረካ ቤት ሄድኩ። ያችን ዛፍ አውጥቼ ልጥላት ቆርጫለሁ።

በሩን ከመክፈቴ በፊት በመስኮት አየሁ።

ዛፏ ጠረጴዛው ላይ የለችም።

በቦታዋ ሰሊሆም ተቀምጣለች። ከኋላዋ እኔ ቆሜያለሁ... መቀስ ይዤ።

ውስጥ ያለችው ሰሊሆም አየችኝ። እንባዋ ይወርዳል። ከንፈሯ «አይዱ» አለ። እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ እሷ ብቻ ናት።

ታዲያ... እጄን የያዘው ማነው?

ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።

ጣቶቹ ግን ቀዝቅዘዋል። አፈር አፈር ይሸታሉ። እንደ ሥር እየረዘሙ፣ ቀስ እያሉ... ክንዴ ላይ ይጠመጠማሉ።