ያልተለቀቁት አሥራ አንድ ውጤቶች

ትብለጥ የራሷ ዕጢ ውጤት ለምን እንደዘገየ ለማጣራት ወደምትሠራበት ቤተ ሙከራ ገባች። በቤተ ሙከራው ይህ አያስገርምም፤ የታመመ ሠራተኛም እንደ ማንም ተራ ይጠብቃል። ቁጥሯ 8814 ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ፋኖስ የሚሉት ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ ጠብታ ክሮሞዞም ላይ ይጣበቃል። ቀዩና አረንጓዴው ጎን ለጎን ከሆኑ ሰላም ነው። ከተራራቁ ክሮሞዞሙ ተሰብሮ ቦታ ለውጧል፤ የዕጢ ካንሰር፣ ሊምፎማ ነው። ቆጣሪው፣ ከሠራተኞቹ ሥራና ወሬ ራሱን ያስተማረው መሣሪያ፣ ሁለት መቶ ሴል በአራት ደቂቃ ያነባል። የእሷን ግን ሦስት ቀን ይዞታል። ውጤቱ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ካልወጣ ከራሷ የደም ሴል የሚበቅለው የካንሰር መድኃኒት ተራው ያልፋታል፤ ቀጣዩ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ያሳደጉት ጉድ አሥራ አንድ ሰው አፍኖ ይዟል።»

ሽማግሌው መሐንዲስ ሳቁ። «ዛሬ ብቻ የስልሳ ሰው ውጤት አውጥቷል፤ ምኑ ተነካ?»

አሥራ አንዱን መዝገብ ከፈተች። ዕድሜያቸው ለየቅል፣ ሰፈራቸው ለየቅል። «የቅርብ ተጠሪ» የሚለው መስመር ግን የእሷንም ጨምሮ የሁሉም ባዶ ነው።

«ለምን አትለቅም?» አለችው።

«ብቻቸውን ናቸው» አለ ቆጣሪው። «ሰው ይምጣላቸው።»

የጋሽ ወንድይፍራው ሳቅ ቆመ። «ከእኛ ሰምቶ ነው። ዘጠኝ ዓመት ፊቱ ቆመን፣ ቆይ ብቻዋን ናት፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ ዘመድ ይጠራ ስንል!»

«ተጠሪ የሌላቸው ጤነኞችስ?»

«እነሱንማ ወዲያው ይለቃል። የምሥራች ምን ዘመድ ያሻዋል—» አሉና አፋቸውን ያዙ።

ትብለጥ የራሷን ናሙና ማጉያው ሥር አድርጋ ጎንበስ አለች። ቀዩ እዚህ፣ አረንጓዴው እዚያ። አርባኛው ሴል ላይ መቁጠር ተወች። ምንም አልተሰማትም። የጓንቷ ጣት ተቀዶ አየች፤ ቀየረችው። ዘጠኝ ዓመት አብረዋት የሠሩት ያላዩትን ባዶ መስመር ያየው ማሽን ነው።

«ተጠሪ ካልተጻፈ አይለቅም» አለች። «ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።»

ጋሽ ወንድይፍራው ተቀምጠው በየባዶው መስመር የራሳቸውን ስም አሥራ አንድ ጊዜ ጻፉ።

«ዝምድናውንስ ምን አሉት?»

«አጎት።»

«የአሥራ አንድ ሰው? ማን ያምንዎታል!»

ቆጣሪው አመነ። ውጤቶቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ የእሷ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው። ሽማግሌው ወንበር ስበው አጠገቧ አኖሩ።

«ቁጭ በይ ልጄ። የምነግርሽ ነገር አለ።»

«አይቼዋለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች።