አልቃሻዋን ማን ያውቃታል?

«አሁንም የለም፤» አለ ቴክኒሻኑ፣ ጣቱን ከኮምፒውተሩ ቁልፍ ላይ ሳያነሳ።

ፌንጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከሆነችው እናቷ ወንበር ጀርባ ቆማለች። ፌንጣ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል አያቷ ገና በሕፃንነቷ ያወጡላት ነው፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም በሌላ ስም የሚጠራት የለም። ዛሬ ግን እግሯ ከወለሉ ጋር የተሰፋ ይመስል ንቅንቅ አላለችም። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቃላት ብቻ ይታያሉ፦ ምንም አልተገኘም።

የቧንቧ ሠራተኞቹ ፎርማን በሩ ላይ ቆመዋል። ከቦት ጫማቸው የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል።

«ልጄ፣» አሏት እናቷን፣ «ዋናው መስመር ፈንድቶ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ክሊኒኩም ሰፈሩም ያለ ውሃ ቀርተዋል። የምፈልገው አንዲት ሥዕል ናት፤ መዝጊያው የት እንደተቀበረ የምታሳየኝ። አልቃሻዋን ብለሽ ፈልጊልኝ አልኩሽ እኮ!»

«ፈለግኩ፣ ጋሼ። ማሽኑ አላውቃትም አለ።»

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰነዶች ስካን ተደርገው ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ከተቀመጡ ጥቂት ሳምንታት ሆኗቸዋል። ወረቀቶቹ በካርቶን ታሽገው ከከተማ ውጭ ወዳለ መጋዘን ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቴክኒሻኑ ክላውዱን ሠራተኛው ሁሉ ከሚጠቀምበት መፈለጊያ ጋር አገናኘው። ከእንግዲህ ማንም ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ አንድ ቃል ጽፎ የፈለገውን ፋይል ያገኛል ተብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ መጥተው ሊያዩት ነው።

«ማገናኛውን ሳላበላሽ አልቀረሁም፤» አለ ቴክኒሻኑ ላቡን እየጠረገ። «ነቅዬ እንደገና ከሥር ልጀምር። ሦስት ቀን ይፈጃል።»

 ማገናኛው ምንም እንዳልሆነ ከፌንጣ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የፋይሎቹ ሽፋን ወፍራም ካርቶን ስለሆነ ስካነሩ አልተቀበለውም። ስለዚህ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እናቷ አንድ ሥራ ሰጠቻት፦ ሽፋኑ ላይ በእጅ የተጻፈውን ስም ለእያንዳንዱ ፋይል በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ መተየብ። መፈለጊያው ሥዕልና የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አይችልም፤ የሚያነበው ያንን ሳጥን ነው። ፌንጣም የመጀመሪያዎቹን በትጋት ሞላች። ከዚያ ጓደኞቿ «አቦ፣ ቢሮ ውስጥ ልትሻግቺ ነው እንዴ? ሜዳ ነን፣ ነይ!» እያሉ ይጽፉላት ጀመር። ስሞቹም ሳቅ የሚያመጡ ነበሩ፦ «አልቃሻዋ»፣ «የአማቾቹ ድልድይ»፣ «ተኝቶ የሚፈሰው»። እንዲህ ያለ የፋራ ስም ማን ብሎ ይፈልጋል አለችና የቀሩትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሳጥኖች «አሮጌ ፋይል» እያለች በኮፒ ሞላቻቸው። ለእናቷም «ጨርሻለሁ» አለቻት፤ ያረጁት ሽፋኖችም ከዚያ ወዲያ ተጣሉ።

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አያቷ ጋ ደወለች። አያቷ የእናቷ አባት ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሽፋኖቹ ላይ የነበረው ጽሑፍ ሁሉ የእጃቸው ነበር።

«አባባ፣ አልቃሻዋ የቷ ናት?»

ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። «ዛሬም ታለቅሳለች እንዴ? ያቺ ቧንቧ ዝናብ በጣለ ቁጥር በዚያችው መገጣጠሚያዋ ነው የምታንጠባጥበው። ስሟን ያወጣላት ፎርማኑ ነው፤ ያኔ ገና ፂም አላበቀለም።»

«ቁጥሯስ ስንት ነው?»

«ቁጥሩን እኔ ምኑን አውቄው! በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከታች ያለው ረድፍ። አንቺ እንቅልፍ የወሰደሽ ቀን አጠገብሽ የነበረችዋ ናት።»

ፌንጣ ዓይኗን ጨፈነች። የድሮው ክፍል መጣላት። የወረቀትና የሙጫ ሽታ፣ ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ፣ በተረገጠ ቁጥር ሲጥ የሚል መሰላል፣ አያቷ ከላይ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ሰክተው። አምስት ዓመቷ ሳለ ድብብቆሽ ስትጫወት ከታችኛው ረድፍ ሥር ገብታ፣ ሹራቧን ተንተርሳ ተኛች። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ሲፈልጋት ዋለ። «በዚህ ክፍል ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ የጠፋችብኝ የልጅ ልጄ ብቻ ናት» እያሉ አያቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ላገኙት ሁሉ ይነግሩ ነበር። ዛሬ ከመደርደሪያዎቹ የቀረው ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው።

ስካን የተደረገው ከበሩ ጀምሮ በመደርደሪያ ተራ ነበር፤ የፋይሎቹ ቁጥርም ያንኑ ተራ ይከተላል። ፌንጣ በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ ሮጣ ገብታ የእናቷን ማውዝ ያዘች። «አንዴ፣ እማ።» አንድ ፋይል ከፈተች፤ አይደለም። አራተኛው የፓምፕ ነው። ስድስተኛው ላይ ጠርዙ ውሃ የነካው ሥዕል ብቅ አለ።

«እሷው ናት!» ፎርማኑ አጨበጨቡ። ሥዕሉ ታትሞ ሳይቀዘቅዝ ይዘውት ወጡ።

«የአያቷ ልጅ!» አለች እናቷ ትከሻዋን አቅፋ።

ቴክኒሻኑም ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ማሽኑን አስናቅሽው። እኔ ለሥራ አስኪያጁ ልደውልና ማገናኛውን እንዳበላሸሁት ልናገር።» ስልኩን አነሳ።

እናቷ አሁንም እንዳቀፈቻት ነች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ እንዲያውም ተመስግናለች።

«አትደውል፤» አለች ፌንጣ። «አንተ አይደለህም ያጠፋኸው። ሳጥኖቹን የሞላሁት... አልሞላኋቸውም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን።»

የእናቷ እጅ ከትከሻዋ ላይ ወረደ። ቴክኒሻኑ የሥዕሉ ሳጥን ውስጥ «አልቃሻዋ» ብሎ ጻፈ፤ ትንሽ ጠብቆ ፈለጋት። ወዲያው መጣች። በረጅሙ ተነፈሰ።

«ዓይኔን እያየሽ ጨርሻለሁ አልሽኝ፤» አለች እናቷ። ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሲመጡ እናቷ «የቀረውን በሁለት ሳምንት እናደርሳለን» አለቻቸው። ያጓደለው ማን እንደሆነ አልተናገረችም።

ቅዳሜ ጠዋት ፌንጣ ላፕቶፑን ይዛ በረንዳው ላይ ከአያቷ አጠገብ ተቀመጠች። እሷ ሥዕል ትከፍታለች፣ እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ያያሉ።

«ይሄ የአማቾቹ ድልድይ! ሁለት መሐንዲሶች እየተጣሉ ሠሩት፣ በመጨረሻ ልጆቻቸው ተጋቡ።»

ፌንጣ እየሳቀች ጻፈች። እንዲህ እያሉ ወደ ሠላሳ ያህል ሄዱ። አንዲት ሥዕል ላይ ሲደርሱ ግን አያቷ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ፣ ራቅ አሉ። 

«ይቺስ... ይቺ ማን ነበረች?» እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አረፈ። «ጠፋችኝ፣ ልጄ።»

«ምንም አይደል፣ አባባ።»

«የሆነ ነገር ጻፊባትና እለፊያት። እኔ ካላወቅኋት ማን ያውቅብሻል?»

ፌንጣ ባዶውን ሳጥን አየችው። ከዚያ ወረቀት አውጥታ የፋይሉን ቁጥር ጻፈች።

«ሰኞ ፎርማኑን እጠይቃቸዋለሁ፤» አለች፤ ወንበሯንም ወደ አያቷ አስጠግታ ቀጣዩን ሥዕል ከፈተች።