የሞቀው ሌሊት

የአየር ሁኔታ መዝጋቢው ኢድሪስ ኋላ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ቦዩ ውስጥ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ሻምበል ኢጅላል ከመዳኒ ከተማ ስትደርስ፣ ጎህ ሲቀድ በአካባቢው የነበሩት ሦስት ሰዎች መለኪያዎቹ ባሉበት የሽቦ አጥር አጠገብ ቆመው ነበር።

«ትናንት ከኢድሪስ ጋር ተጣልተናል፤ አልደብቅም» አሉ ሐጃ በቱል፣ በቦዩ ጫፍ ማሽላቸው የሚደርቅባቸው ገበሬ። «በአራት ቀን ውስጥ ውሃ ካልደረሰኝ ዘለላው ባዶ ይቀራል፤ ቁጥሩን ጨምርልኝ አልኩት።»

«አፋቸው ነው እንጂ እጃቸው አይገድልም» አለ የቦዩ መዝጊያ ጠባቂ ሐሲብ።

«አንተ ዝም በል! ለአንዲት ባልዲ ውሃ የምታለቅስ!»

«ውሃ ሲጨመር ሌሊቱን ቆሜ የማድረው እኔ ነኛ፣ ሐጃ!»

ሦስተኛው ኢንጂነር ሙዓዊያ ነው። ሰብሉ የሚያጣውን ውሃ አስልቶ በቦዩ የሚለቀቀውን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። የነፋስና የእርጥበት መለኪያዎቹ ከተሰበሩ ወዲህ የቀሩለት የቀኑ ከፍተኛና የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ብቻ ናቸው።

ኢጅላል ቴርሞሜትሩን አየች። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ይዛ የምትቀረው ምልክት ሃያ አንድ ላይ ነበረች። በመዝገቡ ላይ ግን ቁጥሩ ተፍቆ ሃያ ሰባት ተብሏል።

«ሌሊቱ ቢሞቅ ሰብሉ የሚያጣው ውሃ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» አለች።

«ይጨምራል እንጂ! የሚያደርቀው ሙቀት አይደል?» አሉ ሐጃ በቱል።

«ይጨምራል» አለ ሐሲብ።

ሙዓዊያ መነጽሩን ወለወለ። «ይጨምራል።»

ኢጅላል በመዝገቡ ውስጥ ያገኘችውን የስሌት ወረቀት ዘረጋች። «ሐሲብ ውሃው እንዳይጨመር ይፈልጋል፤ ይጨምራል ብሎ የሚያምነውን ቁጥር ግን ከፍ አያደርግም። ሐጃ ከፍ ቢያደርጉ ደስ ባላቸው፤ ነገር ግን የሚፈርሙት በአውራ ጣት ነው፤ መጻፍ አይችሉም። ኢንጂነር፣ ይህ የእጅ ጽሑፍዎ ነው። በእርስዎ ስሌት ሌሊቱ ሞቆ ከቀኑ ጋር ያለው የሙቀት ልዩነት ሲጠብ የሚጠፋው ውሃ ይቀንሳል። እውነቱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የዋሹትም እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ጥርጣሬው ወደ ሐጃ እንዲዞር።»

«ለምን ብዬ?»

«ቦዩን አስጠርጌያለሁ ብለው ሪፖርት አድርገዋል። ሰብሉ ተጨማሪ ውሃ ቢጠይቅ ቦዩ ውስጥ የቀረው ደለል ያጋልጥዎ ነበር።»

ሙዓዊያ መሬቱን አየ። «ቁጥሩን ለውጥ አልኩት፤ እምቢ አለ። ገፋሁት... የቦዩ ጠርዝ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ።»

ሐሲብ ማንም ሳያዘው ሄዶ መዝጊያውን እስከ መጨረሻው ከፈተ። ውሃው ጥቂት ተጉዞ ደለሉ ጋ ሲደርስ ተኛ።

«ለመጥረግ ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉ ሐጃ በቱል።

«ሃያ ቀን» አለ ሙዓዊያ፣ እጆቹ እየታሰሩ።

«የእኔ ማሽላ ግን ያለው አራት ቀን ነው» አሉ አሮጊቷ ወደ ሻምበሏ ዞረው። ኢጅላል መዝገቡን አጥፋ ያዘች።