ድርሻው ዜሮ

መጠርጠር ሥራዬ ነው። በልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስፌት እየገለበጥኩ የላላ ክር እፈልጋለሁ። እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» እያለች በነጻ የምትሠራውን እኔ በደመወዝ እሠራዋለሁ።

እሱንም ያገኘሁት ስጠረጥር ነው። የንድፍ ክፍላችን ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሊጠግን መጣ። ከፍቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ ገጥሞ ሲጨርስ የማሽኑን ጀርባ ዞሬ አየሁ።

«አንድ ብሎን ጎድሏል» አልኩት።

ኪሱን ዳበሰና እፍኝ ሙሉ ብሎን አወጣ። ከመካከሉ አንዱን መርጦ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ አስተያየቱ ለአንድ ብሎን ከሚገባው በላይ ቆየ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ተቆጣጣሪዋ» አለ።

የሥራ ጓደኞቼ በዚያው ብሎን ብለው ሰየሙት። እኔም ብሎንን ወደድኩት።

ዓመት ሳይሞላን ከተጣሉ ማሽኖች ዕቃ ለቃቅሞ አንድ ኮምፒውተር ገጠመልኝና የእኔና የእናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ አስቀመጠው። አባቴን የወሰደው የሳንባ በሽታ ነው። ብሎን እንደነገረኝ፣ ተመራማሪዎች አንድን ግዙፍ ስሌት ቆራርሰው በየቤቱ ሥራ ፈትተው ለተቀመጡ ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ያድላሉ፤ ፈቃደኛ የሆነ ሰው የማሽኑን ትርፍ ጉልበት ይለግሳቸዋል። የእኛም ማሽን ግማሽ ጉልበቱን ለሳንባው መድኃኒት፣ ግማሹን ብሎን ለሚወዳቸው ከዋክብት ሊሰጥ ተስማማን። ለአንዱ መቶ፣ ለሌላው መቶ ብሎ የድርሻ ቁጥር ሞላ።

«እኩል ነው፤ ማንም ማንንም አይበልጥም» አለኝ። ለአባቴ የሆነ ነገር እየሠራሁ እንደሆነ ስለተሰማኝ አለቀስኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ።

እናቴ ግን ሌላ ስንጥር ነበራት።

«ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የት ነው የሚሄደው?»

«ሥራ አለኝ ይላል፣ እማዬ።»

«ሥራው ስም የለውም? እናቱስ? ሩቅ ናት እያለ ዓመት ሞላው። ሩቅ ያለች እናት ስልክ የላትም? ዘሩን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም፤ ቁርጡን ንገሪው።»

ሳቅኩባት። ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቧራ ስጠርግ ኮምፒውተሩ ላይ የድርሻ ዝርዝሩን አየሁት። የሳንባው መስመር ባዶ ነው፤ ሥራ የለም። የከዋክብቱም ባዶ ነው። ከእነሱ በታች ግን የማላውቀው የባዕድ ስም ተጽፏል፤ ማሽኑ ሙሉ ጉልበቱን ለእሱ እየሰጠ ያጓራል። ድርሻውን ባየው፣ ዜሮ።

ዜሮ የተሰጠው ሁሉን ሲወስድ፣ መቶ የተሰጠው አባቴ ባዶ እጁን ቀርቷል። ይህ ሰው ቁጥሩን ለእኔ ዓይን ዜሮ አድርጎ ከጀርባ ሌላ ነገር ይሠራል አልኩ። እንደ ፋብሪካው ደብተር አውጥቼ አራት ቀን ጠዋትና ማታ መዘገብኩ፤ አንድም ጊዜ አልተለወጠም። ደግሞ የሚወዳቸውን ከዋክብት ያስተወው ምን ቢሆን ነው? የሐሙሱ ጉዞና ይህ ስም በራሳቸው ተገጣጠሙብኝ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት የጥገና ሱቁ ሄድኩ።

«ሦስተኛው ማን ነው?»

መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ የተያዘ ሰው ፊት አውቃለሁ።

«ለእሱ የሰጠሁት ዜሮ ነው» አለ።

«ዜሮ እንዴት ነው ሁሉን የሚወስደው? ወይስ እኔ መቁጠር አላውቅም?»

መፍቻውን መልሶ አነሣና ወደ ሥራው አጎነበሰ። ከማንኛውም መልስ ይልቅ ያ ቆረጠኝ።

«ማሽንህን መጥተህ ውሰድ። እኔንም እርሳኝ» አልኩት።

የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ያኔ አልገባኝም።

ቤት ገብቼ ያንን ስም ልሰርዘው ተቀመጥኩ። እንደ ልማዴ ግን ጉድለቱን ሳልመዘግብ ዕቃ አልጥልም፤ የማሽኑን መልእክቶች ከላይ ጀምሮ አነበብኩ። የሳንባው ተመራማሪዎች ዋና ኮምፒውተራቸው ጥገና ላይ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት ሥራ እንደማይልኩ አሳውቀዋል። የከዋክብቱ ደግሞ ያለውን ስሌት ጨርሰው አዲስ እያዘጋጁ ነው። ከዚያ መመሪያውን ፈልጌ አገኘሁ፤ ድርሻው ዜሮ ለሆነ ጥናት ማሽኑ ጉልበቱን የሚሰጠው ሌሎቹ በሙሉ ሥራ ያልላኩ እንደሆነ ብቻ ነው። እነሱ እንደተመለሱ ወዲያው ቦታውን ይለቃል።

አልሰረቀም። የተረፈውን ነው የወሰደው።

የባዕዱን ስም ትርጉም ፈለግሁ። ከእናት ወደ ልጅ ስለሚወርድ የመርሳት በሽታ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው። «እርሳኝ» ያልኩት ትዝ ሲለኝ ስሙን መሰረዙን ተውኩት።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ሱቁ በር ላይ ቆምኩ። «ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። አልተከራከረኝም። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከተማውን አቋረጥን።

የደረስነው የአክስቱ ቤት ነው። እናቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ትንሽ ሬዲዮ ታቅፈዋል።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አሉት።

«ሬዲዮ ጠጋኙ ነኝ፣ እማማ። እርስዎ ደኅና ሰነበቱ?»

የገዛ እናቱን እንደ እንግዳ አንቱ ሲላቸው መስማት ከበደኝ። እሳቸው ግን በጣታቸው የሬዲዮውን ጀርባ እየዳበሱ፣ «ብሎን ጎድሎታል እኮ» አሉ። ከኪሱ አውጥቶ አጠበቀው። ጥቂት ዘፈን ሰሙ። ልንወጣ ስንል ሳያዩት ያንኑ ብሎን ፈትቶ ኪሱ ከተተው።

ደጅ ላይ «ለምን?» አልኩት።

«እኔን ሲያዩ ልጄ ነው አይሉም። ቀዳዳውን በዳበሱ ቁጥር ግን ብሎን የሚያመጣ ሰው ይጠብቃሉ። እንዲጠብቁኝ ነው።»

«ለእኔስ ለምን ደበቅከኝ?»

«አያቴም እንዲሁ ነበሩ። ነገ የእኔ ተራ ሊሆን ይችላል። እናትሽ ዘርህን ንገረኝ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? እንዳላጣሽ ፈራሁ።»

«ዜሮስ?»

«መቶው ለአባትሽ ቃል የገባሁት ነው። የእኔ ፍርሃት ከእሳቸው ላይ አይቀንስም፤ ትርፍ ካለ ይበቃዋል አልኩ።»

እጁን ያዝኩት። ብሎኑ በመዳፋችን መካከል ነበር፤ ቆረቆረኝ፣ አልለቀቅኩትም።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት።

«አባትሽም ሳንባውን እንደሚያመው ሳገባው አልነገረኝም» አለች።

«ብታውቂስ ኖሮ?»

የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች። «አገባው ነበር። ብቻ ቀድሜ እበሳጭበት ነበር» አለች። «እሑድ ይምጣ። እናቱንም እንዳይተዋት።»

በዚያው ቀን ዜሮውን አጥፍቼ መቶ ጻፍኩ። ከሱቁ ሆኖ በኢንተርኔት አየውና ደወለ።

«የአባትሽ ድርሻ ከግማሽ ወደ ሲሶ ወረደ እኮ» አለኝ።

«አባቴን አውቀዋለሁ፤ ለአማቹ ጠጋ ይላል» አልኩት።

ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን። ሐሙስ ሐሙስ አብረን እንሄዳለን፤ ብሎኑን የምይዘው እኔ ነኝ። አሁንም እጠረጥራለሁ። ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ሲጠፋው፣ የጎረቤት ስም ሲያደናግረው ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ እሱም ሳየው ያውቃል፣ ይስቅብኛል። የመጣው ይምጣ። አንድ ቀን «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» ያለኝ እንደሆነ መልሴ ተዘጋጅቷል። አጠገቡ ተቀምጬ እጁን እከፍትና፣ «ተቆጣጣሪዋ ነኝ፤ አንድ ብሎን ጎድሏል» እለዋለሁ።