ከእግር ሥር ያለው ሻንጣ

«እዚህ ላድርገው? እኔ ጋ ጠበበኝ።»

ያምሮት ይህን ስትል ሻንጣውን መግፋት ጀምራ ነበር። ገብረሰንበት እግሮቹን አንስቶ ቦታ ለቀቀላት። ሻንጣው ከእግሩ ሥር ገብቶ የፊተኛውን ወንበር ብረት ተደገፈ። ያምሮት ጉልበቷን ዘርጋ አደረገች። እርሷ ጋ አልጠበበም ነበር።

ሻንጣው ውስጥ ያለው ስኳር ነው። በዚያ ዓመት ስኳር ከሱቅ ጠፍቶ በየቀበሌው በወረፋ ይታደል ስለነበር፣ ያለ ደረሰኝ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞ መሄድ ያስቀጣል። የያምሮት እናት ንግሥቴ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት አላት። ስኳር ካጣች ወዲህ ደንበኞቿ በር ላይ ቆመው «ዛሬስ አለ?» ብለው ጠይቀው ይመለሳሉ። ስለዚህ ቡሬ የምትኖረው አክስቷ እናኑ ከዚህም ከዚያም ያጠራቀመችውን በዱቄት ከረጢት አድርጋ፣ በላዩ ልብስ ደርባ፣ ለያምሮት አስያዘቻት። መናኸሪያ ድረስ ስትሸኛትም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣

«ከራስሽ እግር ሥር እንዳታደርጊው። ሰው መሃል ጣል አድርጊው። ቢያገኙትም የማንም አይሆንም» አለቻት።

በዚያ መንገድ ስኳር የሚያመላልስ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ሻንጣው ባለቤት ካጣ ይወረሳል፤ ሰው ግን አይያዝም።

ገብረሰንበትን ሚኒባሱ ውስጥ ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። ሁለቱም አሥረኛ ክፍል ናቸው፤ የሚማሩትም አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እሱ የጉሙዝ ልጅ ነው፤ ከማንዱራ በኩል መጥቶ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በክርስትና አባቱ በአቶ ክንፈሚካኤል ቤት ሆኖ ይማራል። ታላቅ ወንድሙ ማር ሊሸጥ ቡሬ መምጣቱን ሰምቶ ሊያየው ሄዶ ነበር። አሁን ጭኑ ላይ በትምህርት ቤት ሹራቡ የጠቀለለው ትንሽ ቅል አለ፤ ወንድሙ ለክርስትና አባቱ የላከው ማር ነው።

«ነገ ትሪያንግል ይመጣል ብለህ ነው?» አለችው ያምሮት። በማግስቱ ጠዋት የሒሳብ ሞዴል ፈተና ነበረባቸው።

«ይመጣል እንጂ።» ከፊቱ ያለው ወንበር ጀርባ አቧራ ለብሷል። በጣቱ ሦስት ማዕዘን ሳለበት። «ይኼኛውን ጎን ካወቅሽ ያኛው አያመልጥሽም። አንቺ ግን ትሪያንግል ትዝ የሚልሽ ሳምቡሳ ስታዪ ነው።»

«ሂድ ወዲያ።» ሳቀች። ከፊታቸው የተቀመጡት መነኩሲት እማሆይ ወለተ ሥላሴ ዞር ብለው አይተዋቸው፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው ተመለሱ።

ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ረዳቱ ደረሰ ሁለት ትርፍ ሰዎች በርጩማ ላይ ደርቧል። ጋቢና ሹፌሩ አጠገብ ሱፍ የለበሱ ሰውዬ አሉ፤ ሁሉም «ኃላፊ» ይሏቸዋል፤ የምን ኃላፊ እንደሆኑ የተናገረ ግን የለም። ጆንያዎቻቸው ከላይ ታስረዋል።

ከቡሬ ወጣ ሲሉ ገብረሰንበት አቧራው ላይ መሳሉን ተወ። ከደረት ኪሱ የተማሪ መታወቂያውን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ኬላው ገና አልታየም።

«ምነው ካሁኑ?»

«ኋላ ስፈልግ መኪናው ይቆማል። ሰው ይበሳጭብኛል።»

«ባይጠይቁህስ?»

ያላዋቂ ጥያቄ እንደጠየቀች ሁሉ ትንሽ አያትና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ያምሮት ያኔ ገባት። እሷ እዚያ መንገድ ላይ መታወቂያ አውጪ ተብላ አታውቅም። የተማሪ መታወቂያዋ ቦርሳዋ ውስጥ የት እንዳለ እንኳ እርግጠኛ አይደለችም። ከዚህ ሁሉ ተሳፋሪ መሃል በእርግጠኝነት የሚጠየቅ አንድ ሰው አለ፤ ስኳሩን ያስቀመጠችው ከእሱ እግር ሥር ነው። ኬላው ጋ እስኪደርሱ ሻንጣውን ለመጎተት ጊዜ ነበራት። እጇንም ዘርግታ ነበር። የሻንጣውን ማንጠልጠያ በጣቷ ነካችው። ከዚያ አክስቷ ያለቻት ትዝ አላትና እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ትርፎች፣ ዝቅ!» አለ ደረሰ። በርጩማ ላይ ያሉት ሁለቱ ጎንበስ አሉ።

የኬላው ገመድ ጋ ሚኒባሱ ቆመ። አንደኛው ፖሊስ ወደ ጋቢናው ሄዶ «እንደምን ዋሉ ጌታዬ» አለ። ሰውዬው በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ጨበጡት። ጣሪያው ላይ ያለውን ጆንያ ማንም ቀና ብሎ አላየም። ሁለተኛው፣ ረጅሙ ፖሊስ፣ የጎኑን በር ከፍቶ አንገቱን አስገባ። ጎንብሰው የነበሩትን ሁለቱን አያቸው፤ አለፋቸው። እማሆይን አያቸው፤ አለፋቸው። ያምሮትንም አያት፤ ዓይኑ እሷ ላይ አልቆየም።

«አንተ። መታወቂያ።»

ቃሉ ሳያልቅ መታወቂያው ተዘርግቶለታል።

«ስምህ?»

«ገብረሰንበት።»

«የተጻፈውንማ አየሁት። እውነተኛ ስምህን ነው።»

«እውነተኛ ስሜ ነው። የክርስትና ስሜ ነው። ትምህርት ቤትም በዚሁ ነው የተመዘገብሁ።»

«ከየት ነህ?»

«ፍኖተ ሰላም ነው የምማረው።»

«የምትማርበትን አልጠየቅሁህም።»

«ከማንዱራ።»

ፖሊሱ መታወቂያውን ገለባብጦ አየ። ከፊት የተቀመጠች ሴት ልጇን እያባበለች በረጅሙ ተነፈሰች። አንዱ «ኧረ መሸ» አለ። ለማን እንዳለው ግልጽ ነው፤ ለፖሊሱ አይደለም።

«ከእግርህ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ሻንጣ።»

«ክፈተው።»

ገብረሰንበት ቅሉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፤ ጎንበስ ብሎ ዚፑን ሳበ። ፖሊሱ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ከረጢቱን በጣቱ ወጋ አደረገው። ጣቱ ላይ የቀረውን ነጭ ነገር ቀመሰው።

«የማን ነው?»

ገብረሰንበት አልመለሰም። ወደ ያምሮትም አልዞረም። ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት እያየ ዝም አለ። ያ ዝምታ ለእሷ የተተወ ቦታ እንደነበር ያምሮት በኋላ ሳይሆን እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት ገብቷታል። ከንፈሯን አላቀቀች። ሻይ ቤቱ ታያት። እናቷ በር ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ስታይ ታያት። እሷ ራሷ በሚኒባሱ በር ስትወርድ፣ ሰው ሁሉ ሲያያት ታያት።

«ጎበዝ፣ ባለቤት ካለው ይናገርና እንሂድበት» አለ ደረሰ።

የተናገረ የለም።

«አንተ ነህ የያዝከው፤ ያንተ ነው?» አለ ፖሊሱ።

«ከእኔ እግር ሥር ነው ያለው» አለ ገብረሰንበት።

«ውረድ። ይዘኸው ውረድ።»

ሻንጣውን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ትርፎቹን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ አልፎ ወረደ። መታወቂያው ፖሊሱ እጅ ውስጥ ነው። «እናንተ ሂዱ» ተባለ። በሩ ተዘጋ። ያምሮት በኋላው መስታወት ስታይ ገብረሰንበት ሻንጣውን መሬት ላይ አላስቀመጠውም፤ እንደታቀፈ ቆሟል። ረጅሙ ፖሊስ አንድ ነገር ይጠይቀዋል።

ትንሽ ከሄዱ በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ወሬ ተነሣ። ሁሉም ቀለል ያለው ይመስላል።

«እኔ ገና ሲሳፈር ነው የጠረጠርሁት» አሉ ጋቢና ያሉት ሰውዬ።

«ምኑን አይተው ነው ጌታው?» አሉ እማሆይ።

«እንዲያው… ያስታውቃላ።»

«የእርስዎን ጆንያ ቢያስወርዱ ኖሮማ እዚያው ባደርን» አለ ደረሰ። «የእርስዎ ስኳር ከላይ ሆኖ ነፋስ ይቀበላል።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ሰውዬውም ሳቁ። ያምሮትም ሳታስበው ፈገግ አለች። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ታወቃትና ወደ መስኮቱ ዞረች።

እሁድ ስለሆነ ማሳው ላይ ሰው የለም። በመጀመሪያው ዝናብ የታረሰው መሬት ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። እሷ ግን የምታየው ሌላ ነው፤ የሻንጣው ማንጠልጠያ፣ ጣቷ፣ ጣቷም ወደ ጭኗ ሲመለስ። «እዚህ ላድርገው» ስትል አላሰበችም ይባል። መታወቂያውን ካወጣ በኋላስ? ያኔ አስባለች። አስባ ነው የተወችው።

እማሆይ ዞር አሉ። «ያ ልጅ አብሮሽ ነው የሚማር?»

«አዎ እማሆይ።»

«ማን አለ ስሙን? ሲናገር ደህና አልሰማሁትም።»

«ገብረሰንበት።»

«ክርስቲያን ነው እንዴ? ምጽ። የኛው ልጅ ነዋ። ባውቅ አንድ ቃል አልናገርለትም ነበር?»

ያምሮት «ባይሆንስ ኖሮ?» ማለት ፈለገች፤ ግን እሷ እያወቀችውም አንድ ቃል አልተናገረችም። እማሆይ ጥቂት አዩአት፤ ከዚያ ዓይናቸው ወረድ ብሎ ሻንጣው የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ።

«ሻንጣ ስትገፊ አይቼሽ ነበር ልበል?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ያምሮት አንገቷን ደፋች።

«እንጃ፣ ዓይኔም ደክሟል» አሉ እማሆይ። ተመልሰው ወደ ፊት ዞሩ።

ጥምዝ ላይ ሚኒባሱ ሲያዘነብል አንድ ነገር ተንከባሎ ክንዷን መታት። በሹራብ የተጠቀለለው ቅል ነው። ረስቶት ወርዷል። ወይም ሁለት እጁ በእሷ ሻንጣ ተይዞ ነው። አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። አፉ በቅጠል ተወትፎ በክር ታስሯል፤ በክሩ ሥር ትንሽ ማር ወጥቶ ሹራቡን አርሶታል። አቶ ክንፈሚካኤል ቤት ሄዳ ልታደርስላቸው ትችላለች። «ገብረሰንበትስ?» ይሏታል። ምን ትላለች? «ኬላ ላይ ያዙት» ብትል ውሸት አይደለም። ከዚያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ለእናቷ «ስኳሩ ተወሰደ» ትላለች። እሱም ውሸት አይደለም። ጠዋት ፈተና ክፍል ትገባለች። ከአጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ትሪያንግሉ ይመጣል፤ አንዱን ጎን ታውቃለች።

ከፊቷ ያለው ወንበር ጀርባ ላይ ገብረሰንበት የሳለው ሦስት ማዕዘን አለ። አንዱ ጥግ በእሱ ትከሻ ተሻሽቶ ደብዝዟል።

«ሻንጣው የእኔ ነው» አለች በሹክሹክታ። ሞተሩ ዋጠው። እንደገና አለችው። አጭር ነገር ነው። ኬላው ጋ ለመናገር ከዚህ በላይ ጊዜ አይፈጅም ነበር። ተመልሳ ሄዳ ብትናገርስ? ላያምኗት ይችላሉ፤ «ለሱ ብለሽ ነው» ይሏት ይሆናል። ወይም ያምኗትና የእናቷን ስም ይጠይቋታል፤ ሻይ ቤቱ ይዘጋል። ወይም እሷንም እሱንም ያሳድሯቸዋል፤ ፈተናው ሁለቱንም ያልፋቸዋል። የትኛው እንደሚሆን አታውቅም። እናቷ የምትላትን ግን ታውቀዋለች።

የማንኩሳ ባሕር ዛፎች ታዩ። ደረሰ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አወጣ።

«ማንኩሳ ወራጅ አለ? ከሌለ አናቆምም!»

«ንዳው» አሉ ጋቢና ያሉት ሰውዬ።

«ወራጅ አለ» አለች ያምሮት።

ድምጿ ቀጭን ስለነበር ደረሰ አልሰማትም። እማሆይ መቋሚያቸውን አንስተው የጣሪያውን ብረት መቱ፤ ኳ፣ ኳ። «ወራጅ አለ ተብሏል» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ሚኒባሱ ጥግ ያዘ።

«አንቺ፣ ፍኖተ ሰላም አልነበር እንዴ የከፈልሽው?» አለ ደረሰ።

«ነበር።»

«መልስ የለም እንግዲህ፤ እዚህ ማን አለሽ?»

«ማንም።»

«ጉድ ነው። በይ ላሽ በይ፣ እየመሸ ነው።»

በትርፎቹ መሃል አልፋ ወረደች። ሚኒባሱ አቧራውን ትቶላት ሄደ። አቧራው ጋብ ሲል አስፋልቱን ተሻግራ ወደ ቡሬ የሚሄዱ መኪናዎች በሚቆሙበት በኩል ቆመች። ሹራቡን አጥብቃ ጠቀለለችና ቅሉን በግራ ክንዷ አቀፈችው። በቀኝ እጇ ቦርሳዋን ከፈተች። የተማሪ መታወቂያዋን ለማግኘት ብዙ ፈለገች፤ ከታች፣ ከማበጠሪያው ሥር ነበር። አውጥታ በእጇ ያዘችው።

መኪና ገና አልመጣም።