ያልተብራራ ውሳኔ

በዚያ ሳምንት ሙቀቱ ስልሳ ሁለት ዲግሪ ስለደረሰ በራሪ ጋሪዎቹ ጭነት የሚያደርሱት ጎህ ሳይቀድ ነበር። ዘርፌ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቢሮ ስትገባ ደልዳይ የነገውን ድልድል ማውጣት ጀምሯል። ደልዳይ በጨው ሜዳው ላይ ሰዎች ለሚኖሩባቸው አሥራ አንድ የመስታወት ጣቢያዎች ዕቃ የሚያከፋፍል፣ የጉዞ ሰዓትም የሚቆርጥ ማሽን ነው። ድሮ ይህን የሚሠሩ አርባ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ። ሠላሳ ዘጠኙ የሚያውቁትን ሁሉ ለማሽኑ አስተምረው ተሰናበቱ። ጉድጓዳቸውን በገዛ እጃቸው ቆፈሩ ቢባል ውሸት አይሆንም።

ዘርፌን ያተረፋት ውሏ ነው። በመዝገቧ ምክንያቱ ያልተጻፈ ውሳኔ እስካለ ድረስ አትሰናበትም ይላል። ከአሥራ ስምንት ዓመት ሥራዋ ያልተብራራው አንድ ብቻ ነው፤ የሰባተኛው ጣቢያ። የጣቢያ ንብረት ክፍሎች ሃያ በርሜል ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲያስፈልጋቸው ሠላሳ ይጠይቃሉ፤ ዋናው ቢሮ መቁረጡ አይቀርማ። ተቆጣጣሪዎቹም ይህን እያወቁ ሲሶውን ይቆርጣሉ፤ ማንም አይቀየምም። የሰባተኛው ንብረት ክፍል ሐንፈሬ ግን የሚያስፈልገውን ብቻ ይጠይቃል፤ ዘርፌም ሳትነካ ታሳልፍለታለች። ለምን እንደሆነ ግን ጽፋ አታውቅም። ያቺ ባዶ ቦታ እንጀራዋ ነበረች።

ባለፈው ሰኞ የማጽደቅ ሥልጣኑ ወደ ደልዳይ ተላለፈ። ማሽኑም ምክንያት የሌለውን ውሳኔ እንደ ስህተት ቆጥሮ የሰባተኛውንም ሲሶ ቆረጠ። ዘርፌ አየች፤ ዝም አለች። ትንሽ ይቸገሩና እኔን መፈለጋቸው አይቀርም ብላ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሐንፈሬ ደወለ።

«ሃያ አራት ብዬ አሥራ ስድስት መጣልኝ፣ እህቴ። የክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ቆሞ ሦስት ሰው ሞተብን። አንዷ የወንድሜ ሚስት ናት።»

 ዘርፌ አፈረች፤ ስልኩን ዘግታ የሰባተኛውን መዝገብ ከፈተች።

የማሽኑ ኃላፊ ኢንጂነር ብሥራት ከጎኗ መጥቶ ቆመ። «ወይዘሮ ዘርፌ፣ ምክንያቱን ቢነግሩን ዛሬውኑ ይስተካከላል።»

«ውሌስ?»

ብሥራት ወለሉን አየ። «እሱን እርስዎም ያውቁታል።»

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያው ወር ለሦስት ከተሞች አመልክታ ሦስቱም «የሥራ መደቡ ተሰርዟል» ብለዋታል፤ መልሱን የጻፈውም ማሽን ነው። ቢሆንም ተናገረች።

«ሐንፈሬ አይዋሽም። አሥራ ስምንት ዓመት አይቼዋለሁ። የጠየቀውን ስጡት።»

ብሥራት ቃሏን ወደ ደልዳይ አስገባ። ዕቃዋን መሰብሰብ ስትጀምር የሰባተኛው ጣቢያ የነገ ጥያቄ ስክሪኑ ላይ መጣ። ሠላሳ ስድስት በርሜል ይላል። ደልዳይ አንድም ሳይነካ አጸደቀው፤ የቀኑ ፈሳሽ የተወሰነ ስለሆነም ትርፉን አሥራ ሁለት በርሜል ከዘጠነኛው ጣቢያ ላይ ቀነሰ።

ዘርፌ ስልኩን አነሣች። «ሐንፈሬ፣ በትክክል ስንት ነው የሚያስፈልግህ?»

«ሃያ አራት።»

«ታዲያ ምነው?»

«እውነት ተናግሬ ሦስት ሰው ቀበርኩ። ከእንግዲህ እንደ ሰው ሁሉ ነው የምጠይቀው።»

ልትወቅሰው አፍ አልነበራትም። ብሥራትን እንዲያስተካክለው ለመነችው። «የእርስዎ ፈቃድ ተዘግቷል» አላት። «እኔም ያለ ማስረጃ አልነካውም። ያለኝ ማስረጃ ደግሞ ሐንፈሬ አይዋሽም ያሉት የራስዎ ቃል ነው።»

ዘርፌ ወደ ዘጠነኛው ጣቢያ ደወለች። የንብረት ክፍሏ ከዲጃ እንደ ልማዱ ሠላሳ ጠይቃለች፤ ሃያ ይበቃታል፤ የሚደርሳት ግን ስምንት ነው።

«ጥያቄሽን አሁኑኑ ቀይሪው» አለቻት።

«ስንት ልበል?»

ዘርፌ አሰበች። ሲሶው ሲቆረጥ፣ ከዚያም አሥራ ሁለቱ ሲነሣ፣ ሃያ እንዲተርፍ። በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ቶሎ የደረሰችበት ስሌት አልነበረም።

«አርባ ስምንት በይ።»

ከዲጃ ቁጥሩን እያስገባች ጠየቀች። «ከማን ላይ ነው የሚወሰደው?»

ደልዳይ አዲሱን ቁጥር ያለ ጥርጥር ተቀብሎ ስምንተኛው ጣቢያ ላይ መቁረጥ ጀመረ። ዘርፌ ስልኩን ዘግታ የስምንተኛውን ቁጥር መታች።